ሣር ከመነጠፉ በፊት ለውሃው መንገድ

ክረምት በገባ ቁጥር በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖሩ እናቶች የሚያውቁት አንድ ሥራ አለ። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ቢዋልም ማታ ላይ ተሠርቷል የሚያሰኝ ነገር አይታይበትም። ይኸውም ጭቃ ማጠብ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማውና የሱሪው ጫፍ በጭቃ ተለውሶ ይገባል። ደጃፍ ላይ የተነጠፈው ጆንያ ሁለት ሰው ከረገጠው በኋላ ራሱ ጭቃ ይሆናል። ከቤት እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ መጸዳጃ ቤት ያለችው አሥር እርምጃ መንገድ ድንጋይ ቢጣልባትም ሐምሌ ሲጋመስ ድንጋዩን ትውጠዋለች። ወለሉ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይወለወላል። የምትወለውለውም በአብዛኛው ከሥራ ደክማ የገባችው እናት ናት።

ስለዚህ ብዙ እናቶች ለግቢያቸው ሰው ሠራሽ ሣር ቢመኙ የሚያስወቅሳቸው ነገር የለም። አረንጓዴው የፕላስቲክ ሣር በየካፌው ከረከቦቱ ሥር፣ በየሠርግ አዳራሹ፣ በየፎቶ ቤቱ ይታያል። ውሃ አያጠጡትም፤ አያጭዱትም፤ ጭቃ አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በከተማችን መንገዶች ዳር አረንጓዴ መስክ ማየት እየተለመደ ስለ ሄደ፣ ዓይን ወደ ገዛ ግቢ መመለሱ አይቀርም። የእቁብ ዕጣ የወጣላት ሠራተኛ «ይህን ግቢ አንድ ጊዜ ላልብሰውና ልረፍ» ብትል እውነት አላት።

ይሁን እንጂ፣ ውድ አንባቢያችን፣ ገንዘቡን ከማውጣትዎ በፊት ራስዎን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቁ እናሳስብዎታለን። ጥያቄውም፦ «በግቢዬ ውስጥ የሚወርደው ውሃ በየት በኩል ይወጣል?» የሚል ነው። መልሱን የማያውቁ ከሆነ፣ የሚገዙት ሣር የሚሸፍነው ጭቃውን ብቻ ነው፤ ጭቃውን የፈጠረው ውሃ ከሥሩ እንዳለ ይቀራል። በሸክላማ አፈር ላይ ከሣሩ ይልቅ ውሃው ይቀድማል።

ዋልካ ምን ዓይነት አፈር ነው?

ኮልፌ ቀራንዮ ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ የሚያዘነብል አገር ነው። ከፍ ባለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ቀይ አፈር፣ ዝቅ ብሎ ሜዳ በሆነው ቦታ ደግሞ ጥቁር ዋልካ ይገኛል። ሁለቱም ሸክላነት አላቸው፤ ይልቁንም ዋልካው ለቤት ሠሪም ሆነ ለግቢ አስተካካይ አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት እንደሚሸፍን የአፈር ባለሙያዎች ይገልጻሉ።

ዋልካ የተሠራው እጅግ ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶች ነው። በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ቀዳዳ በጣም ጠባብ ስለ ሆነ ውሃ እንደ ልቡ ሊያልፍበት አይችልም። ገንቦና እንስራ ከሸክላ አፈር የሚሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሸዋ መሬት ውሃውን ወዲያው ወደ ታች ሲያሳልፈው፣ ዋልካ ግን ጥቂቱን ከጠጣ በኋላ ያብጥና አፉን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚዘንበው ሁሉ ላዩ ላይ ይተኛል።

ሌላም ጠባይ አለው። ክረምት ያበጠው አፈር በበጋ ይሸበሸባል፤ ይሰነጠቃል። ጥርና የካቲት ላይ ግቢዎን ቢመለከቱ የልጅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ሊያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ዋልካ በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ የሚል መሬት ነው። በላዩ የተደረገ ሲሚንቶ የሚሰነጠቀው፣ አጥር የሚያዘነብለው፣ በር አልዘጋ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የግቢዎን አፈር ጠባይ ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት የግድ አይደለም። ጥቂት አፈር ያርጥቡና በመዳፍዎ መካከል እንደ ሊጥ አድርገው ያድቦልቡሉት። ሳይበጣጠስ ረዥምና ቀጭን ሆኖ ከወጣ ሸክላነቱ ከፍተኛ ነው። ሁለተኛው ፈተና ይበልጥ ይጠቅማል። ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ውሃ ይሙሉትና ይደሩ። በማግሥቱ እንደ ገና ሞልተው በእንጨት ላይ ምልክት ያድርጉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ጣት ያህል እንኳ ካልቀነሰ፣ ግቢዎ ውሃ ይጠጣል ብለው ተስፋ አያድርጉ። ውሃው የሚወጣበት መንገድ ማበጀት ይኖርብዎታል።

ውሃው ምን ያህል ነው?

በአዲስ አበባ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው፤ ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። «ሚሊ ሜትር» የሚለው ቃል ከሬዲዮ ሲሰማ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ማለት ነው።

እንግዲህ አብረን እናስላው። የቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር፣ ግቢው ደግሞ 40 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል፣ በግቢው ውስጥ የሚያርፈው ውሃ 3,000 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 200 ሊትሩን በርሜል 15 ጊዜ ይሞላል። ከዚህ ውስጥ 9 በርሜል የሚሆነው የሚመጣው ከሰማይ ወደ ግቢው በቀጥታ ሳይሆን ከጣሪያው ነው። አሸንዳ ለሌለው ወይም አሸንዳው ግቢው መካከል ለሚያፈስ ቤት፣ የጭቃው ትልቁ ምንጭ የገዛ ቆርቆሮው ነው ማለት ነው።

ይህ ስሌት ደስ የሚያሰኝም ወገን አለው። ያው ጣሪያ በዓመት 66,000 ሊትር ያህል ውሃ ይቀበላል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ለምትኖር እናት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አሸንዳውን ወደ ሮቶ ወይም ወደ በርሜል ማግባት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል፦ ግቢውን ከጭቃ ያሳርፋል፤ ለልብስ፣ ለወለልና ለመጸዳጃ የሚሆን ውሃም ይሰጣል። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ እርሱን ማፍሰስ ይገባል። ውሃው ሳይፈላና ሳይታከም ለመጠጥ መዋል የለበትም፤ የበርሜሉም አፍ ለሕፃናት ደኅንነትና የትንኝ መራባትን ለመከላከል ሲባል ሁልጊዜ መከደን አለበት።

ሰው ሠራሽ ሣር ከየት መጣ?

ይህ ሣር የተፈለሰፈው ለጭቃ መድኃኒት ሆኖ አይደለም። በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ አስትሮዶም የተባለው ጣሪያ ያለው ስታዲየም እ.ኤ.አ. በ1965 ሲከፈት በውስጡ የተተከለው እውነተኛ ሣር ነበር። ብርሃን በሚያሳልፈው ጣሪያ የሚገባው ነጸብራቅ ተጫዋቾቹን ስላስቸገረ ጣሪያው ቀለም ተቀባ፤ ብርሃን ያጣው ሣርም ደረቀ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1966 ከናይሎን የተሠራ ሣር ተነጠፈበት። «አስትሮተርፍ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ሣሩ ስም ያገኘው ፀሐይ በሌለበት፣ ዝናብም በማይገባበት ቦታ ነበር። ውሃን የማስወገድ ችሎታ ከሣሩ ጋር አብሮ አልተወለደም፤ ከሥሩ ያለውን መሬት ባሰናዱት ሰዎች የተጨመረ ነው።

ዛሬ ለግቢ የሚሸጠው ሣር በአብዛኛው ከፖሊኢትሊንና ከፖሊፕሮፒሊን የተሠራ ነው። ጭረቶቹ ከሥር በሚገኝ ሽፋን ላይ ተሰፍተው በማጣበቂያ ይያዛሉ። ጥሩ የሆነው ሣር በሽፋኑ ላይ ውሃ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች አሉት። ሲገዙ ገልብጠው ይመልከቱ፤ ቀዳዳ የሌለው ለሳሎንና ለበረንዳ እንጂ ዝናብ ለሚመታው ግቢ አይሆንም። ነገር ግን ቀዳዳ ያለውም ቢሆን ውሃውን የሚያሳልፈው ወደ ሥሩ ነው። ሥሩ ዋልካ ከሆነ ውሃው ወዴት ይሄዳል?

በዋልካ ላይ እንዲሁ ሲነጠፍ

አንዳንድ ሰዎች አፈሩን ደልድለው ሣሩን በላዩ ይዘረጉታል። በበጋ ያምራል። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በቀዳዳው ወርዶ ዋልካው ላይ ይቆማል። ልጆች ሲረግጡት ጭቃው በቀዳዳው እየተገፋ ወደ ላይ ይወጣል። ዋልካው ሲያብጥ ሣሩ እንደ ማዕበል ይነሣል፤ በበጋ ሲሸበሸብ ይጎደጉዳል፤ መጋጠሚያውም ይከፈታል። ከሥሩ የቆመው ውሃ ፀሐይ ስለማያገኘው ይሸታል። ቀድሞ ጭቃው ይታይ ነበር፤ አሁን ግን የማይታይ ጭቃ ሆነ። ከዚህም የከፋው፣ ቤቱ የጭቃ ቤት ከሆነ እርጥበቱ ወደ ግድግዳው ሥር ዘልቆ እንጨቱን ያበሰብሳል። አንድ ክረምት ያማረ ግቢ የግድግዳ ማገር ካስበላ ትርፉ ምንድን ነው?

ሌሎች ደግሞ ምክር ሰምተው አፈሩን ይቆፍሩና ጠጠር ይሞሉበታል። ይህ የተሻለ ነው፤ ሆኖም በዋልካ ላይ አንድ ወጥመድ አለው። 40 ካሬ ሜትር ግቢ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠጠር ቢለብስ 6 ሜትር ኩብ ጠጠር ይገባበታል። በጠጠሩ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሲሶ ያህል ቢሆን 2,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ዙሪያው ዋልካ፣ ሥሩ ዋልካ ከሆነና መውጫ ካልተበጀለት፣ የተሠራው ነገር በጠጠር የተሞላ ገንዳ ነው። ገንዳው በሰኔ ይሞላል፤ እስከ መስከረምም አይጎድልም። ስለዚህ ጠጠር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ጠጠሩ መውጫ ይፈልጋል።

ከእነዋሪ ገበሬዎች የምንማረው

ይህን ነገር ከውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ የምንማረው አይደለም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች ዋልካን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር መሬት ካረሱ በኋላ በእጃቸው አፈሩን እየዛቁ ከፍ ያለ መደብና በመደቦቹ መካከል ቦይ ይሠራሉ። ይህ ሥራ የወንዱ ብቻ አይደለም፤ ሴቶችና ልጆች ጭምር ጎንበስ ብለው የሚሠሩት ነው። ሰብሉ በመደቡ ላይ ይበቅላል፤ ውሃው በቦዩ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል ከአገራችን የግብርና ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይህንኑ መደብና ቦይ በበሬ ለመሥራት የሚያስችል መሣሪያ ከማረሻ አዘጋጅቶ ነበር። መደቡ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ገበሬዎቹም ሆኑ ተመራማሪዎቹ ዋልካውን ወደ አሸዋ ለመለወጥ አለመሞከራቸው ነው። አፈሩን እንዳለ ተቀበሉት፤ ለውሃው ግን መንገድ ሰጡት። የከተማ ግቢም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ጊዜውን ይምረጡ። ዋልካ ሲረጥብ ከአካፋ አይላቀቅም፤ በጣም ሲደርቅ ደግሞ ዶማ አይገባውም። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ቀለል ያለ ዝናብ ካራሰው በኋላ መቆፈር ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ የሚጀመር ሥራ ግን ገንዘብ ወደ ጭቃ መጣል ነው።

ሁለተኛ፣ ከጣሪያው ይጀምሩ። አሸንዳና መውረጃ ቱቦ ያስገቡ። ውሃው ወደ ሮቶ፣ ከሮቶው የሚተርፈውም በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ይሂድ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ብቻ አድርጎ ከግማሽ የሚበልጠውን ጭቃ ይገላገላል።

ሦስተኛ፣ ዝቅተኛውን ቦታ ይፈልጉ። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ጃንጥላ ይዘው ወጥተው ውሃው የሚሰበሰብበትን ማየት ከማንኛውም መሣሪያ የተሻለ ነው። በበጋ ከሆነ ግንበኛው በውሃ ልክ ይለካዋል። ግቢው በያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ከቤቱ ግድግዳ ወደ መውጫው ማዘንበል አለበት። 8 ሜትር ርዝመት ያለው ግቢ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢያዘነብል፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል 16 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይኖራል።

አራተኛ፣ የውሃ መውጫ ቦይ ያስቆፍሩ። በዝቅተኛው ጠርዝ በኩል 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ይበቃል። በውስጡ ጂኦቴክስታይል የሚባለው ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ጥቂት ጠጠር ይደረግና ቀዳዳ ያለው የፒቪሲ ቱቦ ይተኛበታል፤ በላዩ ጠጠር ተሞልቶ ጨርቁ ይታጠፋል። ጨርቁ ከሌለ ደቃቁ ዋልካ በሁለትና በሦስት ክረምት ጠጠሩን ደፍኖት ያርፋል። ቦዩ ከጭቃ ቤት ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ይራቅ። ቱቦውም ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ መግባት የለበትም፤ የክረምት ውሃ የገባበት ጉድጓድ ሞልቶ ይፈስሳልና።

አምስተኛ፣ የግቢውን አፈር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያስነሡ። የተነሣው አፈር በመንገድ ዳር ቢከመር የሰፈሩን ቦይ ይደፍናል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መጫኛውን ማሰብ ይገባል። በዋልካው ላይ ያንኑ ጨርቅ ያንጥፉ፤ በላዩም የተፈጨ ጠጠር ወይም ቀይ አሽ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አድርገው በሁለት ዙር ያስጠቅጥቁ። የጠጠሩ ንጣፍ ከአራተኛው ደረጃ ቦይ ጋር መገናኘት አለበት። ገንዳው መውጫ የሚያገኘው በዚህ ነው። በመጨረሻም 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ ጠጠር ለማስተካከያ ይደረጋል።

ስድስተኛ፣ ሣሩ የሚነጠፈው አሁን ነው። ጥቅሉ ተዘርግቶ ጥቂት ሰዓት ፀሐይ ቢያገኝ ይለሰልሳል። የጭረቱ አቅጣጫ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሁን፤ አለበለዚያ መጋጠሚያው ቀለሙ የተለያየ መስሎ ይታያል። መጋጠሚያው ከሥሩ በማያያዣ ጨርቅና በማጣበቂያ፣ ጠርዙም በሚስማር ይያዛል። ከዚያ የታጠበ ደረቅ አሸዋ በላዩ ተበትኖ በመጥረጊያ ወደ ጭረቱ ሥር ይገባል። አሸዋው ሣሩን በክብደቱ ይይዘዋል፤ ጭረቱንም ያቆመዋል።

እነዚህን ስድስት ነገሮች ሲመለከቱ አንድ ነገር ሳይገነዘቡ አይቀሩም። ከስድስቱ አምስቱ ሣር የላቸውም። አምስቱን ሠርቶ ስድስተኛውን የተወ ሰው ደረቅ ግቢ ያገኛል። ስድስተኛውን ብቻ የሠራ ሰው ግን እርጥብ ግቢ በአረንጓዴ ተሸፍኖ ያገኛል። ገንዘብ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ዘንድሮ አሸንዳውንና ቦዩን፣ ለከርሞ ጠጠሩን፣ ከዚያም ካሻ ሣሩን ማድረግ ይቻላል። ለሣሩ የተያዘውን ገንዘብ ነጋዴው «ዛሬ ካልገዙ» ቢልዎትም አይቸኩሉ።

ከተነጠፈ በኋላ

ሰው ሠራሽ ሣር ሥራ የለውም የሚባለው ሙሉ እውነት አይደለም። ሊታወቁ የሚገባቸው ነገሮች አሉ።

እሳት ዋነኛው ነው። በቤታችን ቡና የሚፈላው በከሰል ነው። በእውነተኛ ቄጠማ ላይ ፍም ቢወድቅ ጭሶ ይጠፋል፤ ፕላስቲክ ግን ይቀልጣል፤ ይቀጣጠላልም፤ ጭሱም መርዝ አለው። ምድጃና ማንደጃ በዚህ ሣር ላይ ወይም አጠገብ ከቶ አይቀመጥ። ለቡናውና ለማድ ቤቱ ሥራ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ የተለየ ቦታ ይተዉ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሕያው ሣር ውሃ እየተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ይህ የለውም። በቀጥታ ፀሐይ ሲመታ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊግል እንደሚችል በልዩ ልዩ አገሮች ተለክቷል። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ቀላል አይደለም። ሕፃን በባዶ እግሩ ከመሰማራቱ በፊት በእጅዎ ነክተው ይፈትኑት፤ የሚቻል ከሆነም ጥላ ይኑረው።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። የበዓል በግ የሚታሰርበትና የሚታረድበት፣ ዶሮ የሚውልበት ግቢ ከሆነ ደሙና ኩሱ በጭረቱ ሥር ይቀራል፤ ይሸታልም። አፈር ቀስ በቀስ የሚያብላላውን ቆሻሻ ፕላስቲክ አያብላላውም። ስለዚህ ለእርድ ሌላ ቦታ ይዘጋጅ፤ ሣሩም በየጊዜው ይታጠብ።

አራተኛው የሚጨመርበት ነገር ነው። በኳስ ሜዳዎች ላይ ከጎማ የተፈጨ ጥቁር ፍርፋሪ ይበተናል። የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ያለው ደቃቅ ፕላስቲክና ጎማ ወደ ውሃና ወደ አፈር ስለሚገባ እ.ኤ.አ. በ2023 ሽያጩን ከስምንት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ የሚያግድ ደንብ አውጥቷል። ለቤት ግቢ አሸዋ ይበቃልና ነጋዴው ጎማ ቢያቀርብልዎ አይቀበሉ።

አምስተኛው ፍጻሜው ነው። ጥሩ ሣር አሥር ዓመት፣ ቢበዛም ጥቂት ጨምሮ ያገለግላል፤ የረከሰው ከዚያ በፊት ይበጣጠሳል። ከዚያ በኋላ አይበሰብስም፤ ለከብት አይሆንም። የመጨረሻ ማረፊያው የቆሻሻ ክምር ነው። የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪ ደግሞ የቆሻሻ ክምር ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ ሰው ሊያስረዳው አይችልም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የረጲ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችን ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አንድ ግቢ ያንን ክምር አልሠራውም። ነገር ግን የምንገዛውን ፕላስቲክ ሁሉ «በመጨረሻ የት ይሄዳል?» ብሎ መጠየቅ ለእኛ ሰፈር የሩቅ ነገር አይደለም።

ሕያው ሣር አይሆንምን?

ይሆናል። መውጫ ቦዩ ከተሠራና ግቢው ካዘነበለ በኋላ ሰርዶ በዋልካ ላይ ይበቅላል። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፤ የክረምቱንም ውሃ ጥቂት ይጠጣል። በተነሣው አፈር ምትክ ከአሸዋና ከብስባሽ ጋር የተደባለቀ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ቢደረግለት ደግሞ ይበረታል። በእግር ብዙ ለሚረገጠው መንገድ፣ ማለትም ከበር እስከ ማድ ቤትና እስከ መጸዳጃ ቤት ላለው፣ በጠጠር ላይ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ኮብል ስቶን ይሻላል። ልጆች የሚጫወቱበት ጥግ ብቻ ሰው ሠራሽ ሣር ቢለብስ ወጪው ያንሳል፤ ሌላው ሕያው ይሆናል። ግቢው ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ የለበትም።

የጎረቤት ነገር

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደውን እናንሣ። ከግቢዎ የወጣው ውሃ የት ይደርሳል? በተዳፋት ሰፈር የላይኛው ቤት ውሃውን በአጥር ሥር ወደ ታችኛው ቤት ከለቀቀ፣ አንዲት እናት ከጭቃ ስትድን ሌላዋ ትጨመርበታለች። ጥል የሚነሣውም በዚህ ነው፤ በአጥር ሥር በተበሳ አንድ ቀዳዳ የተነሣ ለዓመታት ሳይነጋገሩ የሚኖሩ ጎረቤታሞች አሉ። የእርስዎ ቱቦ መግባት ያለበት ወደ መንገዱ ቦይ ነው። መንገዱ ቦይ ከሌለው ወይም ቦዩ በፌስታልና በአፈር ከተደፈነ፣ የግቢዎ ሥራ ምንም ያህል ቢያምር ውሃው በቱቦው ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እድር ለኀዘን ብቻ የተቋቋመ አይደለም፤ ጎረቤትን ለጋራ ጉዳይ ለማሰባሰብ ከእርሱ የተሻለ የለንም። በግንቦት ወር በአንድ እሑድ ጠዋት የሰፈሩ ቤተሰብ ወጥቶ ከላይ እስከ ታች ያለውን ቦይ ቢጠርግ፣ መጥረግ ያልቻለውንም ለወረዳው በጋራ ቢያመለክት፣ ማንም ሰው በብቻው ሊገዛው የማይችለውን ደረቅ ደጃፍ ሁሉም ያገኛል። በኪራይ ቤት ወይም በቀበሌ ቤት የምትኖር፣ ግቢ ለመቆፈር ፈቃድም ገንዘብም የሌላት እናት እንኳ ከዚህ ትጠቀማለች። ምናልባትም ከሁሉ አብልጣ የምትጠቀመው እርሷ ናት።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ግቢዎን ለማልበስ ያሰቡ ከሆነ ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ዝናብ ሲጥል ደጅ ወጥተው ውሃውን በዓይንዎ ይከተሉት። ከጣሪያው በየት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚተኛ፣ በማን ደጅ እንደሚያልፍ ይመልከቱ። ያዩትን ለባለቤትዎ፣ ለግንበኛውና ለጎረቤትዎ ያስረዱ። አሸንዳውና ቦዩ ይቅደሙ፤ የሣሩ ምርጫ ይደርሳል።